እናቱ አረብ አገር ያለች ልጅ፦ አሳዳጊዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። እህቴ በ2011 ዓ.ም. በኮንትራት ሪያድ ስትሄድ የአራት ዓመት ልጇን ለእኔና ለእናታችን ትታ ሄደች። ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነበር። የመጣችው በአምስተኛው ዓመት ነው። ልጁን ማሙሽ እያልን ነው የምንጠራው፤ እዚህም ማሙሽ ልበለው።

በየዓመቱ ክፍሌ ውስጥ እንደ ማሙሽ ያሉ ልጆች አሉ። እናታቸው ጂዳ ናት፣ ኩዌት ናት፣ ቤሩት ናት፣ ዱባይ ናት። ደሴም፣ ባቲም፣ ከሚሴም፣ ሐርቡም ብትሄዱ ያው ነው። አያቶችና አክስቶች ልጅ ሊያደርሱ ሲመጡ በር ላይ ይዘውኝ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ይመሳሰላል። መልሱን አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። አሳድጌ ያየሁትን፣ ተሳስቼ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። አባታቸውን ለሚጠብቁ ልጆችም አብዛኛው ይሠራል።

ልጁ ተኝቶ እያለ ብትሄድ አይሻልም? ሲያለቅስ ማየት አትችልም።

አይሻልም። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የአዲስ አበባ አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሳው። እህቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነስታ ልጇን በእንቅልፍ ልቡ ሳመችው። እኔ ሻንጣዋን ይዤ ወጣሁ። ጠዋት ሲነሳ "እማስ?" አለ። እናቴ "ገበያ ሄዳለች፣ ከረሜላ ይዛልህ ትመጣለች" አለችው። ማሙሽ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ። ማታ አልተኛም አለ። ለወራት እንደዚያ ሆነ። የሚተኛው የነጠላዬን ጫፍ እጁ ላይ ጠምጥሞ ነው። ለሽንት እንኳ ስነሳ ይነቃል። በእሱ ሂሳብ ሰው የሚሄደው እሱ ሲተኛ ነው። እናቴ ዘንቢል ካነሳች ደግሞ ለቅሶ ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው አለ ብሎ ማመን አቃተው።

በአራተኛው ወር እውነቱን ልነግረው ቆረጥኩ። "ያን ቀን ገበያ ሄዳለች ያልንህ ውሸት ነበር። እማ ልትሠራ ሩቅ አገር ሄዳለች" አልኩት። ጫማውን እያሰረ ነበር። "አውቃለሁ፤ ሻንጣው የለም" አለኝ። የአራት ዓመት ልጅ ነው። አራት ወር ሙሉ ሻንጣው የነበረበትን ባዶ ቦታ እያየ፣ እኛ እስክንነግረው ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ንገሩት። ትንሽ ልጅ ከሆነ ከወር በፊት መንገር ጭንቀቱን ማርዘም ነው፤ ሳምንት ሲቀረው ይበቃል። ትልቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሲታሰብ ጀምሮ ይስማ፤ ከጎረቤት ልጅ ከሚሰማው ይሻላል። ንግግሩ አጭር ይሁን። "እማ ልትሠራ ሩቅ አገር ልትሄድ ነው። በአውሮፕላን ነው የሚኬደው። አንተ ከአክስትህና ከአያትህ ጋር ትሆናለህ። በስልክ እናወራለን።" ያለቅሳል። ያልቅስ። እሷም ታልቅስ። ሻንጣውን አብሯት ያሰናዳ። የራሱን አንድ ነገር ይስጣት። እሷም ሻሿን ሳታጥበው ትተውለት። ሳታጥበው የምለው ለሽታው ነው።

ነገሩ አልፎ፣ ዋሽታችሁት ከሆነም አልመሸም። ተመልሳችሁ አርሙት። "የዚያን ቀን ዋሽተንሃል" መባሉ ልጅን አይጎዳውም።

"እማ መቼ ነው የምትመጣው?" ሲለኝ ምን ልበለው?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። ከሁሉም በላይ የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

"ነገ" አትበሉት። "ለአረፋ"፣ "ለፋሲካ"፣ "ክረምቱ ሲወጣ" አትበሉት። ትኬቱ ተቆርጦ ቀኑ በእጃችሁ ካልገባ በስተቀር ቀን አትስጡት። እኛ አዋቂዎች "ለአረፋ ትመጣለች" የምንለው ለቅሶውን ዝም ለማሰኘት ነው። ልጁ ግን ይዞ ያስቀምጠዋል። በ2012 ዓ.ም. እናቴ "ለአረፋ" አለችው። የአረፋ ዕለት አዲሱን ልብስ አልለብስም አለ። ለምን ስንለው "እማ ስትመጣ ነው የምለብሰው" አለ። እስከ ማታ በአሮጌው ልብስ ዋለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ምንም ብንነግረው "ወላሂ በዪ" ይለኝ ነበር።

ልጅ መጠበቅ ይችላል። የማይችለው በየጊዜው መታለልን ነው።

ታዲያ ምን ይባል? ትንሽ ልጅ ዓመትን አይቆጥርም። "ሁለት ዓመት" ማለት ለእሱ ምንም አይደለም። ክፍል ግን ይቆጥራል። "ኬጂ ትጨርሳለህ፣ አንደኛ ክፍልም ትጨርሳለህ፣ ከዚያ በኋላ ነው" ስትሉት ርዝመቱ ይገባዋል። ሩቅ መሆኑን ማወቁ ይከፋዋል፤ ግን በየቀኑ ደጅ ደጁን ከማየት ያርፋል። የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ "አላውቅም" ራሱ መልስ ነው። እኔ በኋላ የያዝኳት አባባል ይህች ናት፦ "ቀኑን እማም አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም። ሲታወቅ ግን ከሰው ሁሉ በፊት ለአንተ ነው የምነግርህ።" ይህን ካላችሁ ደግሞ በእርግጥ ከሰው ሁሉ በፊት ንገሩት። በ2016 ዓ.ም. ትኬቷ ሲቆረጥ ከእናቴ በፊት ለማሙሽ ነው የነገርኩት። እናቴ ቅር ብሏት ነበር።

ሁለት ሰዎችን አስጠንቅቁ። አንደኛዋ ራሷ እናቲቱ ናት። በስልክ ናፍቆቱ ሲያሸንፋት "በቅርቡ እመጣለሁ የኔ ሆድ" ትላለች። እህቴን ይህን ቃል ተዪው ስላት "ልጄን ላጽናናው እንኳ አልችልም?" ብላ ተቆጥታ ስልኩን ዘጋችው። በሳምንቱ ነው የገባት። ሁለተኛው ጎረቤት ነው። ልጅ ባየ ቁጥር "እናትህ መቼ ትመጣለች? ምን ታመጣልሃለች?" የሚል ሰው አይጠፋም። በጨዋታ ነው የሚሉት። ልጁ ግን የማያውቀውን ጥያቄ በቀን አምስቴ ይጠየቃል። ተዉት በሏቸው።

ኮንትራቷ ሁለት ዓመት ከሆነ ለምን አትመጣም? ረስታን ነው?

አሳዳጊዎች ይህን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል። ልጆችም ትንሽ ከፍ ሲሉ ይጠይቃሉ። መልሱን አዋቂው ካላወቀ ለልጁ ማስረዳት አይችልም።

በወረቀት ደረጃ መምጣት መብቷ ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የደርሶ መልስ ትኬቱ የአሠሪው ዕዳ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብም ሁለት ዓመት ሠርታ ኮንትራት ለምታድስ ሴት የአንድ ወር ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ችግሩ ከፋላ የሚባለው አሠራር ነው። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ከአሠሪዋ፣ ከከፊሏ ስም ጋር የተሳሰረ ነው። ማዳም "ሌላ ሠራተኛ እስክናገኝ ቆዪ" ካለች፣ ደመወዝ ካስቀረችባት ወይም ፓስፖርቷን ከያዘችባት፣ "እሄዳለሁ" ማለት ብቻውን አያወጣትም። ከዚያ ቤት ጠፍታ ወጥታ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ሕገወጥ ትሆናለች። እንደ ሕገወጥ አሻራ ሰጥታ ከተመለሰች ሁለተኛ መግባት እንደሚከብዳት ስለምታውቅ "ትንሽ ልጨምርበት" እያለች ትቆያለች። ሊባኖስ የባሰ ነው፤ የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አያካትትም።

ቀኑ በእሷ እጅ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ጊዜያትን እኛ እዚህ ሆነን አይተናል። ኅዳር 2006 ሳዑዲ ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ተመለሰ። ሻንጣ እንኳ ሳይዙ የገቡ እናቶች ነበሩ። ልጆቻቸው "ትመጣለች" ተብሎ እንኳ አልተነገራቸውም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። በኮሮና ምክንያት በረራው ተቋረጠ፣ ኮንትራት የጨረሱት እዚያው ቀሩ። ቤሩት ላይ ኢኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶቹን አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጣሏቸው። ሐምሌ 28 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ።

የእህቴ ነገር ከዚህ ይቀላል። በወር 1,000 ሪያል ነበር የምታገኘው። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ዕዳ ከፈለ። የሁለተኛው የእናቴን ዓይን አሳከመ። ቤት የሚባለው ነገር ገና አልተጀመረም ነበር። "ባዶ እጄን ልምጣ?" አለችኝ። ምን እመልስላታለሁ?

ለልጁ እንዲህ በሉት፦ "አልረሳችህም። መምጣት ትፈልጋለች። የምትሠራበት ቤት ሰዎችና ወረቀቱ አልጨረሱላትም።" ስድስት ዓመት ለሞላው ልጅ ይህ ይገባዋል።

ስልክ ላይ አላወራም ይላል። እናቱ ደግሞ ትከፋለች።

"በል አውራ! እናትህ እኮ ናት!" እያላችሁ ስልኩን ጆሮው ላይ አትጫኑበት። ትንሽ ልጅ "እንዴት ነህ? በላህ? ተማርክ?" ለሚል ጥያቄ ሁሌ "ደህና፣ አዎ፣ አዎ" ብሎ ይጨርሳል። የሚያወራው ነገር ይኑረው። ደብተሩን ያሳያት። በኢሞ ቪዲዮ ስልኩን ይዞ ዶሮዎቹ ጋ ይውሰዳት። ማውራት ካልፈለገ ስልኩን አጠገቡ አቁሙትና እሱ ይጫወት፣ እሷ ትየው።

ሰዓት ላይ ተስማሙ። ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ኳታርና ባሕሬን ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። ዱባይና ኦማን አንድ ሰዓት ይቀድሙናል። ችግሩ የሰዓት ልዩነት አይደለም፤ እሷ የምታርፈው የቤቱ ሰው ሁሉ በልቶ ሲተኛ ነው፣ ያኔ ልጁ ተኝቷል። ረመዳን ሲሆን ሌሊቱ ራሱ ሥራ ነው። በረመዳን ስልክ እንደሚቀንስ ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ አለበለዚያ የተቀየመችው ይመስለዋል።

እኛን ያዳነን ቮይስ ነው። እህቴ ሥራ ላይ ሆና ተረት እየቀዳች ትልክለት ነበር። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሁለት። ከድምጿ ጀርባ ውኃ ሲፈስ፣ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። ማሙሽ አልጋ ላይ ሆኖ ደጋግሞ ይሰማዋል። አንድ ማታ "ሳህኑ ግን አያልቅም እንዴ?" አለኝ። እናቱ ምን እንደምትሠራ የገባው ያኔ ይመስለኛል። ቮይሶቹን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። የመጀመሪያው ዓመት ተረቶች በአንድ የተሰበረ ስልክ ጠፍተውብናል።

ስልኳ ጠፋ። ልጁን ምን ልበለው?

ያለውን በሉት። "ስልኳ አይሠራም። እየፈለግናት ነው።" "ዛሬ ማታ ትደውላለች" አትበሉ። እሱ ባለበት ደግሞ "ምን ሆና ይሆን" እያላችሁ አታልቅሱ፤ ጓዳ ግቡና አልቅሱ።

እናንተ ግን ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። በሕጋዊ መንገድ ከሄደች የላካት ኤጀንሲ ተጠያቂ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ጋ ሂዱ። ካልሆነ በአካባቢያችሁ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ። ሪያድ ኤምባሲ፣ ጂዳ ቆንስላ አለን። በየቦታው የሚጠይቋችሁ የፓስፖርቷን ኮፒ፣ የኮንትራቱን ኮፒ፣ የአሠሪውን ስምና ስልክ ነው። ስለዚህ ገና ሳትሄድ ኮፒውን ቤት አስቀሩ። በባሕር፣ በየመን በኩል የሄደ ሰው ሲሆን እነዚህ ወረቀቶች የሉም። ያኔ ፍለጋው አብረውት ከወጡ ሰዎች ነው የሚጀምረው።

በነገራችን ላይ መጠበቁ በእኛ በኩልም ተገልብጦ ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ። እህቴ ሪያድ ሆና ልጇ ይኑር አይኑር ሳታውቅ ሰነበተች። መስመሩ ሲመለስ ማሙሽ የመጀመሪያው ቃሉ "እማ፣ አለን" ነበር። ሌላ አላለም።

ልጁ አያለቅስም፣ አይጠይቅም። ለመደ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። የእንግሊዙ ሐኪም ጆን ቦውልቢና ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን ከ70 ዓመት በፊት ከወላጆቻቸው ተለይተው ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን ተከታትለው ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ይጮኻሉ፣ ያለቅሳሉ። ቀጥሎ ዝም ብለው ይተክዛሉ። በመጨረሻ ይጫወታሉ፣ ይበላሉ፣ እናትየው ስትመጣ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰው ሁሉ "ለመዱ" ያለው ሦስተኛውን ነው። ልጆቹ ግን አልለመዱም፤ መፈለጉን ራሱን ቀብረውት ነበር።

ክፍሌ ውስጥ ጸጥ ያሉትን ነው የምፈራው። የማያስቸግር ልጅ ስለሆነ ማንም አያየውም። ዝም ካለ እናንተ ስሟን አንሱ። "ይህን ወጥ እማ ትወደው ነበር" በቂ ነው። ስሟ በቤቱ ውስጥ ይጠራ።

አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ ከበላው እየቀነሰ ከሄደ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ በየቀኑ ሆዴን ራሴን የሚል ከሆነና ይህ ሳምንታት ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በሽንቱ ምክንያት አትምቱት፣ በሰው ፊትም አታዋርዱት። ለአስተማሪውም ንገሩ። እኛ ካልተነገረን ሰነፍ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔም አልፌ አውቃለሁ።

በካርጎ ዕቃ ትልክለታለች። ደስ አይለውም። ለምን?

ስለ ጫማው ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት እህቴ ጫማ ላከች። የሚያበራ፣ ሲረግጡት ተረከዙ ላይ መብራት ብልጭ የሚል። ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። ማሙሽ እግሩን ቢያስገባ አልገባም። ጣቶቹን አጥፎ ገፋ፣ ገፋ፣ ተረከዙ ውጭ ቀረ። እህቴ የገዛችው ጥላው ለሄደችው እግር ነው። በእሷ ልብ ውስጥ እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነው። ማሙሽ ጫማውን አውልቆ "ለሌላ ልጅ ነው የገዛችው" አለ። ቀልዱን አልነበረም። ሌላ ልጅ ያላት መሰለው።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ለካነው። ድሮ እናቶቻችን ለጫማ ገበያ ሲሄዱ እግራችንን በክር እንደሚለኩት ነው። ክሩን እሱ ራሱ ይይዛል፣ እኔ እቆርጠዋለሁ፣ በሜትር ላይ ዘርግተን ፎቶ አንስተን እንልክላታለን። ቁመቱንም በር መቃን ላይ በእርሳስ እናሰምራለን። እህቴ ክሮቹን ስታይ ታለቅስ ነበር። ግን በልጇ ልክ መግዛት ጀመረች። ልጁም የላከችው ዕቃ ሲመጣ "ልክ ነው!" እያለ መዝለል ጀመረ። ከዕቃው ይልቅ ልክ መሆኑ ነበር የሚያስደስተው።

"እናትህ ለአንተ ብላ ነው የምትንገላታው" ብንለው ምን ክፋት አለው? እውነት አይደለም?

እባካችሁ ይህን አትበሉ። ከልቤ ነው የምለምናችሁ። አንድ ተማሪዬ ስምንት ዓመቱ ነበር። ደብተር ጨርሶ አዲስ አልገዛም አለ፤ በድሮው ደብተር ሽፋን ላይ ይጽፋል። ለምን ስለው "ብዙ ብር ካላወጣሁ እማ ቶሎ ትመጣለች" አለኝ። እቤት "እናትህ ደሟን እየሸጠች ነው የምታስተምርህ" ይሉት ነበር። ልጁ ያንን ዕዳ ተሸከመው።

ውሳኔው የአዋቂዎች ነው። "እኛ ትልልቆቹ ተነጋግረን ነው የሄደችው፣ አንተ ምንም አላደረግክም" በሉት። ገንዘቡን መግለጽ ከፈለጋችሁ በሚታይ ነገር ግለጹት፤ "ይህን ቦርሳ እማ በላከችው ገዛንልህ" ማለት ደስ ያሰኛል። ሲያጠፋ ደግሞ "ለእናትህ እነግራታለሁ፣ ትቀራለች" ብላችሁ አታስፈራሩት።

አያቱን "እማ"፣ እናቱን በስሟ ይጠራል። ይታረም?

አይታረም። ሁለት እናት አለው። አያት ቤት ያደግን ሁላችን እንዲሁ ነበርን።

ከመሄዷ በፊት ምን ወረቀት ይጨረስ?

የልደት ምስክር ወረቀትና ውክልና። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30፣ 2008 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ወረቀት የላቸውም። ትምህርት ቤት ይጠየቃል፣ ወደፊት ለፓስፖርትም ይጠየቃል። ውክልናው ልጁን ለማሳከም፣ ለማስመዝገብና በባንክ የምትልከውን ገንዘብ ለማንቀሳቀስ ይጠቅማል። ከሄደች በኋላ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል መላክ ይቻላል፤ ግን እዚያ ለመድረስ ማዳም ማስወጣት አለባት። አባትየው ካለ በሕጉ እሱም እንደ እናቲቱ የልጁ ሞግዚት ነው፤ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ። ስለ ልጁ ተጣልታችሁ ልጁን ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አታንከራቱት።

በመጨረሻ መጣች። ልጁ ግን ሸሻት። ምን እናድርግ?

እህቴ የመጣችው በጥር 2016 ነው። ማሙሽ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ቤቱ በዘመድ ተሞላ። እሷ መሃል ላይ ተቀምጣለች፣ ወፍራለች፣ ፀጉሯ ተለውጧል። ማሙሽ ስኒ አዳይ ሆኖ ይዞራል። እናቱ ጋ ሲደርስ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ "ይጠጡ" አላት። አንቱ አላት። ለእንግዳ እንደሚባለው። ሰው ሳቀ። እህቴ ስኒውን ተቀበለች፤ ቡናው ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ።

ማታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እዚህ ነው የሚያድሩት?" አለኝ። ስለ እናቱ ነው የሚጠይቀኝ።

አንድ አጎታችን "አንቺ በላት እንጂ! እናትህ ናት!" ብሎ ተቆጣው። ተዉት አልኩ። አምስት ዓመት የጠበቃት በስልክ ያለችውን እማ ነው። ይህችኛዋን ገና አያውቃትም። ንዴትም አለበት፤ ንዴቱን ደግሞ በአክብሮት ነው የሸፈነው።

እህቴን ሦስት ነገር ለመንኳት። አንደኛ፣ ከእናቴ አልጋ አታንሺው፤ አንቺ አጠገባቸው ተኚ። ሌላ ቤት ተከራይታ ይዛው ልትወጣ ነበር ሐሳቧ። ለልጁ ያ ሁለተኛ መለየት ይሆንበት ነበር። ሁለተኛ፣ ስጦታውን በአንድ ቀን አታፍስሺው። ሦስተኛ፣ በየቀኑ አንድ ሥራ ያዢ። ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ራስ ማጠብ፣ ምሳ ዕቃውን መቋጠር። ምንም ሳትዪው በየቀኑ እዚያው ሁኚ።

ከባድ ነበር። እሷም ደክማ ነው የመጣችው፤ ሌሊት ትነቃለች፣ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። አንዳንድ ቀን "ለሰው ልጆች አምስት ዓመት ምግብ አበሰልኩ፣ የራሴ ልጅ ከእጄ አይበላም" ብላ ታለቅሳለች። ማሙሽ በመጀመሪያው ወር ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ሻንጣዋን ነበር፤ ቦታው ላይ መኖሩን። ይህን ሳይ ሻንጣውን ከጓዳ አውጥተን እሱ የሚያየው ቦታ አኖርነው። በኋላ እህቴ የእሱን የበጋ ልብሶች ከተተችበት።

በሦስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ቅዳሜ ነበር። ማሙሽ ከደጅ እያለከለከ ገባ። ብስክሌት የሚያከራይ ልጅ በር ላይ ቆሟል። "እማ! ሳንቲሜን የት አደረግሽው?" አለ።

አደረግሽው አለ።

እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ጎንበስ ብላ "መስኮቱ ላይ ነው" አለችው።